ትል የመሰለች ጭረት

«ወለላ፣ ቁርሱ እየቀዘቀዘ ነው በይው» አለች እህቴ አሰፋች። የምትለው ለእኔ ነው። የተቀመጥኩት ከእሷ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ አባታችን ይቀመጥበት በነበረው አግዳሚ ላይ ነው፤ ጆሮዬም ጤነኛ ነው፣ እንዲያውም እንጀራዬን የምበላው በጆሮዬ ነው። ወለላ ማበጠሪያውን ከፀጉሯ ሳትነቅል ዞር ብላ፣ «ጋሼ ሣህሌ፣ ቁርስዎ እየቀዘቀዘ ነው ተብሏል» አለችኝ። «መጣሁ በያት» አልኩ። «መጣሁ ብለዋል፣ እትዬ» አለች። ወለላ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ የጓሮውን ክፍል በወር በአሥራ አምስት ብር ተከራይታ ስትገባ፣ በዚያ ኪራይ ውስጥ የወንድምና የእህት አስተርጓሚነት እንዳለበት የነገራት ሰው አልነበረም። በሙያ ዓይን ካየናት ደካማ አስተርጓሚ ናት። እህቴ በቁጣ ያለችውን በለሆሳስ ታቀርበዋለች፤ እኔ በልመና ያልኩትን እንደ ትእዛዝ ታደርሰዋለች፤ የማይጥማትን ጭራሽ ትውጠዋለች። ግን ሌላ የለንም። ሦስታችንም የምንናገረው አንድ አማርኛ መሆኑ አንዳችንንም አስቆን አያውቅም።

እህቴ ካነጋገረችኝ ሰባት ዓመት ሆነ። በእነዚህ ሰባት ዓመታት ከእሷ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሣህሌ» ብላ በስሜ እንድትጠራኝ። ትልቅ ምኞት አይደለም። ልጆች ሳለን ከጭላሎ በሚወርደው ነፋስ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከግቢው በር ስትጠራኝ፣ ከእኔ በፊት የጎረቤት ውሾች ይመጡ ነበር። አሁን በአንድ ቤት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ስሜ የሚጠራው በተከራይ አፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ኃይለመስቀል፣ በጎበሳ ከተማ አካባቢ ባለመሬት ነበር። መሬቱ በአዋጅ ከተወሰደ በኋላም እዚያው ቀርቶ የደረሰችውን ቁራሽ እያረሰ ሳለ፣ በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. ጠመንጃ ቀብሯል ተብሎ ተከሰሰ። ምስክሩ የቀድሞ ጭሰኛው ኦቦ ቃበቶ ነበሩ፤ ከኦሮምኛ በቀር አይናገሩም። ችሎቱ ውስጥ ያለው አስተርጓሚ ደግሞ እኔ ነበርኩ። «ተከሳሹ አማቼ ነውና ሌላ ሰው ይፈለግ» ብዬ ነበር፤ ሰብሳቢው «አንተ የአማችህ ነህ ወይስ የአብዮቱ?» ሲለኝ ግን እስክሪብቶዬን አወጣሁ። በእኛ ሙያ አስተርጓሚ «እንዲህ ይላል» አይልም። የተናጋሪውን ቦታ ወርሶ፣ ራሱ እንዳየ፣ ራሱ እንደሰማ አድርጎ ይናገራል። ስለዚህ እህቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆና፣ በገዛ ወንድሟ ድምፅ፣ «ኃይለመስቀል ጠመንጃ ሲቀብር በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለውን ሰማች። ተቆፍሮ የተገኘ ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም አሥር ዓመት ፈረዱበት። በሁለተኛው ዓመት እስር ቤት ውስጥ በተስቦ ሞተ። እሷ መሄጃ ስታጣ ወደ አባታችን ቤት መጣች፤ እኔም ሚስት ያላገባሁ ወንደላጤ ሆኜ እዚያው ነበርኩ። ዘመድ ሽማግሌ ልኮ «እሱኮ አፍ ብቻ ነው፣ የሰማውን ነው የተናገረው» ብሏታል። «አውቃለሁ» ትላቸዋለች። «አውቃለሁ፣ ግን ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።»

ቁርሴን በልቼ ወጣሁ። የጥር ብርድ ነበር፤ የጋሪ ፈረሶች አፍንጫ ይጨሳል። ሰሞኑን በመንደር ምሥረታው ምክንያት የገጠሩ ሰው ቤቱን እያፈረሰ ወደ አዲሱ መንደር ይወስዳል፤ በመንገዱ ላይ ምሰሶና የበር መቃን የጫነ ጋሪ ብቻ ነው የሚታየው፤ አንዱ ላይ አሮጊት ከነድስቷ ተቀምጣለች። መሥሪያ ቤት ስደርስ ኢፍቱ ቀድማኝ የመዝገብ ክፍሉ ውስጥ ቆማለች። ኢፍቱ የሁሩታ ልጅ ናት፤ መሠረተ ትምህርት ስታስተምር ቆይታ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለሚደረገው የገበሬ ማኅበራት ጉባኤ ረዳት አስተርጓሚ እንድትሆነኝ የተመደበች ናት። እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የተማርኩትን የማወርሰው ልጅ የለኝምና፣ እሷን ሳስተምር ደስ ይለኝ ነበር።

«ገጹን መሀል ለመሀል በመሥመር ክፈዪው» አልኳት። «በግራ ማን እንደተናገረ፣ በቀኝ ምን እንዳለ። ቃሉን እንዳለ ልጻፍ አትበይ፤ ቃል ለቃል የሚጽፍ ሐሳቡ ያመልጠዋል። ለዝናብ ሦስት ነጥብ፣ ለመንግሥት ሳጥን፣ ለገበሬ ማረሻ። ቁጥርና የሰው ስም ብቻ ሙሉውን ጻፊ፤ ኩንታል ላይ የተሳሳተ አስተርጓሚ ሰው ያስርባል።» ከዚያ የሹክሹክታውን ሥራ አሳየኋት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ አጠገብ ስትቀመጥ ተራ አይጠበቅም፤ ተናጋሪው ሳያቆም ጆሮው ሥር እየተከተሉ ነው። «ጋሪ እንደሚከተል ሰው ሁኚ» አልኳት። «ከተጠጋሽ ይረግጥሻል፤ ከራቅሽ አቧራው ብቻ ይቀርሻል። ኦሮምኛውም አማርኛውም ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፤ ስለዚህ እስኪመጣ በትዕግሥት ጠብቂ፣ ሲመጣ አትልቀቂው።» በምን እንደምትለማመድ ጠየቀችኝ። በሬዲዮ አልኳት፤ ዜና አንባቢውን አንድ እርምጃ ወደኋላ ሆኖ እየተከተሉ መድገም። እኔ እስከ ዛሬ ማታ ማታ እንደማደርገው አልነገርኳትም። ለልምምድ አይደለም የማደርገው። ቀኑን ሙሉ የሰው ንግግር ሳመላልስ ውዬ ቤቴ ስገባ የራሴን የምነግረው ሰው ስለሌለ፣ ጉሮሮዬ እንዳይዝግ ከሬዲዮው ጋር አወራለሁ።

«ለምንድን ነው ግን 'እሱ እንዲህ ይላል' የማንለው?» አለች።

«እንደዚያ ካልሽ ሰዎቹ አንቺን ያያሉ። ሥራሽ እነሱ እንዲተያዩ ማድረግ ነው።»

«ሰውየውስ እርግጠኛ ካልሆነ? ቢያመነታ?»

ወረቀቱን ተቀብዬ አንዲት ትል የመሰለች ጭረት ሳልኩ። «ጥርጣሬ ያለበት ቃል ጎን ይቺን አድርጊ። ሲያመነታ አብረሽው አመንቺ። የሰው ንግግር ማሣመር የእኛ ሥራ አይደለም።» ይቺን ብልሃት ከየት እንደተማርኳት ስትጠይቀኝ፣ ቆይ ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ሻይ አልጠጣሁም። ከግቢው አጥር ተደግፌ ቆምኩ። የዚያን ቀን ማስታወሻ ደብተሬ እቤት ሣጥን ውስጥ፣ ከአባቴ ካባ ሥር አለ። ከግራ «ቃ»፣ ከቀኝ የጠመንጃ ሥዕል፣ ከጠመንጃው ጎን አንዲት ትል የመሰለች ጭረት። ኦቦ ቃበቶ ያን ቀን «አይቻለሁ» አላሉም። ስለ ምሽቱ፣ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ጠፋች ጊደራቸው ዙሪያ ጥምጥም ተናግረው፣ ሁለት ጊዜ አስልተው፣ «ነቲ ፈካቴ» ነው ያሉት። መሰለኝ። እጄ በደንብ ጽፎታል። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መትቶ «አሳጥረዋ! አየ ወይስ አላየም?» ሲል ግን ከአፌ የወጣው ጥርት ያለ «በዓይኔ አይቻለሁ» ነው። ፈርቼ ይሁን፣ በአጭርና በጠራ ንግግሬ የምታወቅ ስለነበርኩ ኮርቼ ይሁን፣ እስከ ዛሬ ለራሴም መልስ አልሰጠሁም። ያወቀ ሰው የለም። ኦቦ ቃበቶ አማርኛ አይሰሙ፤ ዳኞቹ ኦሮምኛ አይሰሙ፤ እህቴም ከገበያ ዋጋ ያለፈ ኦሮምኛ የላት። በሁለት ቋንቋ መሀል የወደቀ ነገር ፈላጊ የለውም። እህቴ የተቀየመችኝ ድምፄ ስለሆነ ብቻ ነው። እኔም በቀላሉ በደል ተኮርፌ፣ ከባዱን ደብቄ ሰባት ዓመት ኖርኩ።

ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ዘበኛው አንድ ሽማግሌ ይፈልጉሃል አለኝ። ኦቦ ቃበቶ ነበሩ። እርጅና አጉብጧቸዋል፤ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ክንድ ተኩል የሚሆን ነገር ታቅፈዋል። አዩኝና ወዲያው አወቁኝ። «አንተ ነህ፣ የዚያን ቀን አፌ የሆንከው» አሉ በኦሮምኛ። ለአዲሱ መንደር የኃይለመስቀልን አሮጌ ጎተራ ሲያፈርሱ፣ ከምሰሶው ጉድጓድ ሥር ይኸ ወጣ አሉኝ። ከረጢቱን ገለጥ አደረጉት፤ ሁለት ጫፉ በሰም የተደፈነ የውሃ ቧንቧ ነው። ሰሙን ሰብረው አይተውታል፤ ውስጡ ወረቀት ነው እንጂ ጠመንጃ አይደለም። «ሚስቱን ማግኘት አለብኝ። እሞታለሁ፣ ይኸን ይዤ አልሞትም። ለዳኞቹ 'መሰለኝ' ማለቴን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። አንተም ታስታውሳለህ።»

ኢፍቱ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ሥራ ይዘዋል፤ እኔ ሄጄ ላስተርጉምላቸው? ልምምድ ይሆነኛል» አለች። «አይሆንም» አልኳት፤ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ መሰለኝ፣ ደነገጠች። እውነቱን ልናገር፤ እምቢ ያልኩት ለሽማግሌው አዝኜ አይደለም። ኢፍቱ ከሄደች ሁሉንም ትናገራለች፤ ጥሩ አድርጌ አስተምሬያታለሁ። እኔ ከሄድኩ ግን ያቺን ቃል አንዴ እንደጣልኳት ሁለተኛ መጣል እችላለሁ። ከመሥሪያ ቤት እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት ከሽማግሌው ጎን ስወጣ፣ በልቤ ያሰብኩት ይህን ነበር።

አሰፋች የግቢውን በር ከፍታ ስታያቸው አወቀቻቸው። ነጠላዋን አጥብቃ፣ ወደ ውስጥ እንዲገቡ በእጅዋ አመለከተች። ወለላ ሥራ ላይ ነበረች፤ ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ፣ የአባቴ አግዳሚ፣ ኬሻ የተነጠፈበት ወለል። ሽማግሌውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸውና ራሷ ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኔ በልማዴ ትንሽ ከጎን ሆኜ፣ ከሁለቱ ወደኋላ ፈቀቅ ብዬ ቆምኩ። እጄ ሳላዘው ደብተሬን ከኪሴ አውጥቶ ገጹን መሀል ለመሀል አሠመረ።

ቧንቧውን ሰጧት። ወረቀቱን መዝዛ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ የመሬት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የድሮ ማኅተም። የባሏን እጅ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ብዙ ቆየች። «ምንም አልቀበርኩም ብሎ ማርያምን ምሎልኝ ነበር» አለች፤ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። «ይኸንን ቢያሳያቸው፣ ጠመንጃ አለመሆኑን ባዩ ነበር። ግን መሬቱ ይመለሳል ብሎ ይጠብቅ ነበር ለካ።» ይህንን ለሽማግሌው አስተረጎምኩ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ካርታው ላይ ያለው መሬት አባታቸውም እሳቸውም በጭሰኝነት ያረሱት መሬት ነው፤ ያንን ያላነሱት በጨዋነት ነው።

ከዚያ መናገር ጀመሩ። «ባልሽን አልወደውም ነበር። እህሌን ሲወስድብኝ ኖሯል። ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። እግዜር ያያልና አልዋሽሽም።» እኔም በድምፄ «ባልሽን አልወደውም ነበር» አልኳት። እንደ ደንቡ አንዱንም ሳልጥል፣ አንዱንም ሳላሣምር። «ጭጋግ ነበር፣ መሽቷል። ረጅም ነገር ተሸክሞ አየሁ። ችሎቱ ፊት ስቀርብ ግን አፌ እርግጠኛ መሆን አልቻለም...» እዚህ ላይ አሳላቸው። ቀና ብለው እኔን አይተው ጨረሱት። «ቃዌ ነቲ ፈካቴ ነው ያልኩት።»

ተራው የእኔ ሆነ።  መዝለል ቀላል ነበር፤ «ችሎቱ ፊት ስቀርብ ተናገርኩ፣ ዛሬ ይቅር በዪኝ» ብሎ መዝጋት ይበቃል፤ የሚያውቅብኝ የለም። ወደ ደብተሬ ብመለከት፣ ከቀኝ በኩል ጠመንጃው ተሥሏል፤ ከጎኑ ትሏ አለች። እጄ አሁንም ጽፏታል። ያንን እጅ እያየሁ ሁለተኛ ማለፍ አቃተኝ። 

«'ጠመንጃ መሰለኝ' ነው ያልኩት» አልኩ።

እህቴ ወረቀቱን መደባበሷን አቆመች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ የሰማችውን ድምፅ ቃል በቃል ታውቀዋለች፤ ሰባት ዓመት ከጆሮዋ አልወጣም። ቀስ ብላ ከሽማግሌው ፊት ዞራ ወደ እኔ ቀና አለች።

«ሣህሌ» አለች።

ያን ያህል ዘመን የናፈቅኩት ስሜ ነው። 

«ያን ቀን 'መሰለኝ' ብለሃል?»

«ማል ጄቴ?» አሉ ሽማግሌው፤ ምን አለች ማለታቸው ነው። ሥራዬ ነውና ጥያቄዋን ለእሳቸው በኦሮምኛ አልኩት። ከዚያ ለእሷ መለስኩላት። ሃያ ዓመት «እኔ፣ እኔ» ስል የኖርኩት ሁሉ የሌላ ሰው ነበር፤ ይኸኛውን የሚጋራኝ አላገኘሁም። «አላልኩም፣ እትዬ። እሳቸው ብለዋል፣ እኔ አላልኩም። 'አይቻለሁ' አልኩ።» መልሴንም ለሽማግሌው አስተረጎምኩላቸው። ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ የረገምኩት ዳኞቹን ነበር» አሉ። ይኸንንም ለእህቴ እንዳለ አልኩት።

 ከውጭ የጋሪ ቃጭል ይሰማል። አሰፋች ተነሥታ ለሽማግሌው እጅ ነሣች። «እኛም አባትዎ ላረሱት መሬት ወረቀት ቀብረን ስንጠብቅ ነበር፤ ይቅር ይበሉን። እኔም ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ከልቤ» አለች። ሽማግሌው እንዲሰሙት «ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ከልቤ» ብዬ በኦሮምኛ ተናገርኩ። ያን ያህል ያማረ ቃል በአፌ አልፎ አያውቅም፤ አንዱም ግን ለእኔ አልተላከም። ባዶውን ቧንቧ ለአዲሱ ቤታቸው እንዲሆናቸው መልሳ አሸከመቻቸው፤ እስከ ዋናው መንገድም ሸኘቻቸው። ስትመለስ ወረቀቱን አጣጥፋ ከምድጃው ጎን፣ ለማቀጣጠያ ከሚቀመጠው ጭራሮ ላይ አኖረችው። እኔ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም ነበር።

ወለላ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ገባች። አሰፋች ሽሮውን አቀረበች። ተከራያችን እንደ ልማዷ መሀላችን ተቀምጣ፣ «እራት ቀርቧል በይው» እስክትባል አንገቷን ወደ እህቴ አዘንብላ ጠበቀች።

«አንቺ እራትሽን ብዪ፣ ወለላ። ከዛሬ ጀምሮ አትድከሚ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ደክሟል። «ያለ ጥፋትህ እንደጠላሁህ ነበር የማውቀው። 'አፍ ብቻ ነው፣ ምን በደለኝ' እያልኩ ስጸልይ ልቤ እምቢ ይለኛል። በከንቱ የጠሉትን ሰው ዓይን ማየት ያሳፍራል፣ ሣህሌ። አላነጋገርኩህም፤ አፍሬ ነው። አሁን አላፍርም።»

«እትዬ...»

«ይቅር አላልኩህም። እንዲያው እንድታውቀው ነው። ብላ።»

ወለላ ቃሉን ለማን እንደምታደርስ ጠፍቷት ጉርሻዋን እንደያዘች ታየናለች። እኔ ቆርሼ ጎረስኩ።  እህቴ እያየችኝ ነው።

«ጨው አንሶታል?» አለችኝ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ለእኔ የተጠየቀ፣ እኔ ብቻ የምመልሰው ጥያቄ ነው። ቸኩዬ «ደህና ነው» ልል ነበር፤ ያችን ጥርት ያለች አጭር መልሴን። ተውኩት።

«ትንሽ ያነሰው መሰለኝ» አልኩ።

እጇን ዘርግታ የጨው ዕቃውን አቀበለችኝ።